የእትዬ ሉባባ የደጋ ናፍጣ

እትዬ ሉባባ መሞቷን የሰማሁት ደሴ ላይ ጎማ ሳስለጥፍ ነው። አንድ ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ተራ ይዞ ነበር። የሐይቅ ከተማ ልጅ መሆኑን ከመኪናው ላይ ካለው ጽሑፍ አይቼ የድሮ ሰዎችን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። እሷ ላይ ስደርስ፣ «የናፍጣዋን ሉባባን ነው? እሳቸውማ ረመዳን ሳይገባ አለፉ። አልሰሙም እንዴ አባባ?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ጎማዬ ተለጥፎ አልቆ ሲጠሩኝ እንኳ ቶሎ አልተነሣሁም።

ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ብዙ ሰው ያውቃል። አለቃ፣ መካኒክ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ኬላ ጠባቂ፣ የቡና ቤት ሴት፣ የማላውቀው የለም። ከእነዚያ ሁሉ መሀል በየሳምንቱ ትዝ የምትለኝ ይቺ ናፍጣ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። መኪና በጠዋት ሳስነሣ፣ በተለይ ውርጭ ባለበት አገር ከሆንኩ፣ አስቀድሜ የማስበው እሷን ነው።

ያኔ ደርግ ነበር። መንግሥት የእርዳታ እህልና ማዳበሪያ የሚያከማችበት ግቢ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ከግቢው ጥግ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ነዳጁ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በርሜሎቹ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፣ የእጅ ፖምፓው መሀል ላይ ነው። እትዬ ሉባባ የዚያ ቤት ኃላፊ ነበረች። በጽዳት ሠራተኝነት ገብታ፣ መዝጋቢው ሲታመም እሱን ተክታ፣ በዚያው የቀረች ናት። ቀጠን ያለች፣ ረጅም፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር ሴት ነበረች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እጇን በአመድና በሎሚ ሦስት ጊዜ ትፈትጋለች፤ መስገጃዋንም ናፍጣ እንዳይሸተው ከበሩ ውጭ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው።

እኔ ወደዚያ የተዛወርኩት ከአሰብ መስመር ነው። ስምንት ዓመት በረሃ ለበረሃ ነድቻለሁ። ሙቀት ሞተር እንዴት እንደሚያፈላ አውቃለሁ፤ ብርድ ምን እንደሚያደርግ ግን ሰምቼም አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ናፍጣ ልቀዳ ሄድኩ።

«ነገ ወዴት ነህ?» አለችኝ።

«ስምሪቱ ላይ ተጽፏል፣ እትዬ።»

«ስምሪቱ ላይ የተጻፈው የቦታው ስም ነው። እኔ የምጠይቅህ ብርዱን ነው። አምባሰል ደጋው ላይ ታድራለህ ወይስ ውጫሌ አራግፈህ ትመለሳለህ?»

«አድራለሁ።»

«እንግዲያው ከዚህ አትቀዳም» አለችና ፖምፓውን ነቅላ ወደ ሌላው ረድፍ ወሰደችው። ያን ጊዜ ነው በርሜሎቹ ላይ በኖራ የተጻፈውን ያየሁት። በአንደኛው ረድፍ «ቆ» ይላል፣ በሌላው «ደ»። ቆላና ደጋ ማለቷ ነው።

ሳቅ አመለጠኝ። «ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው። ስምንት ዓመት ነድቻለሁ።»

«አሰብ ላይ የረጋ ቅቤ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ደጋው ላይ ደግሞ የቀለጠ ቅቤ አታይም። ናፍጣም እንደዚያው ነው። ውስጡ የሚረጋ ነገር አለው። አንዱ ብዙ አለው፣ አንዱ ትንሽ። ብዙ ያለው ቆላ ይሂድ፣ ሞተሩን ምንም አያደርገውም። ደጋ ከወጣ ግን ይረጋና የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ሞተርህ ሁለቴ ያስልና ዝም ይላል።»

«ከአንድ ወደብ የመጣ አይደል እንዴ?»

«ወደቡ አንድ ነው። መርከቡ ግን ብዙ ነው።»

ይህን ያወቀችው በጠርሙስ ነው። ከጤና ጣቢያ የለመነቻቸው የመድኃኒት ጠርሙሶች መደርደሪያ ላይ ነበሯት። አዲስ በርሜል በመጣ ቁጥር ከእሱ በአንዱ ጠርሙስ ትቀዳና የበርሜሉን ቁጥር ትለጥፍበታለች። ከዚያ ወደ ላይ ለሚሄድ ሾፌር ትሰጠዋለች። ላይ ጣቢያ የምንለው ከውጫሌ ተነሥቶ ደጋውን በሚወጣው የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ያለ የእህል ማደያ ነው። ሾፌሩ ጠርሙሱን ከመኪናው መስታወት ላይ አንጠልጥሎ ያድራል፣ ጠዋት ያየውን መጥቶ ይነግራታል።

«ፀሐይ ሳትነካው እየው» ትለናለች። «ፀሐይ ከነካችው ይዋሻል።»

ጥርት ብሎ ካደረ በርሜሉ «ደ» ይጻፍበታል። ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ከመሰለ «ቆ»። ታቹ ላይ እንደ ሞራ ከተኛ ግን «ቆ» ላይ አንድ መስመር ትጨምርበታለች፤ ያ ከውጫሌ ወዲያ ንክች አይልም። «ደ» ያላቸው በርሜሎች ሲያልቁባት ደግሞ «ቆ» ላይ ነጭ ጋዝ ትቀላቅላለች፣ አራት እጅ ናፍጣ፣ አንድ እጅ ነጭ ጋዝ። በዝቶ እንደሆነ የሞተሩን ፖምፓ ያደርቀዋልና ከዚያ አታሳልፍም። የምትቀላቅለውም እዚሁ ሐይቅ፣ ፀሐይ በርሜሉን አሙቃው እያለ ነው። «ከረጋ በኋላ ብትጨምርበት ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ አይታረቁልህም» ትል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሾፌሮች ይቀልዱባት ነበር አሉ። እኔ ስመጣ ቀልዱ ቀርቷል። እሷ የቀዳችለት መኪና ደጋ ላይ ሲቆም አይቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው የገባኝ ቤቷ የሄድኩ ቀን ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲህ ካለ መንደር የተላከላት ማሽላ ነበር፣ ላደርስላት ሄድኩ። ባሏ እንድሪስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ ክርኑን ሰጠኝ። ጣቶቹ ተጣብቀዋል። ግራው ጭራሽ ቡጢ ሆኖ ቀርቷል። እሱም ሾፌር ነበር።

«አምባሰል ላይ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ውርጭ የመታው ጠዋት መኪናው እምቢ አለኝ። ጆንያ በናፍጣ ነክሬ ከመኪናው የናፍጣ ጋን ሥር አነደድኩ። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ከጋኑ የሚንጠባጠብ ነበር ለካ። አላየሁትም።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። እኔው ነኝ።»

እትዬ ሉባባ ማሽላውን እያስገባች ትሰማለች። እንድሪስ እንደነገረኝ፣ ቁስሉ እስኪድን በተኛበት ዓመት ማታ ማታ እያጎረሰችው አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቀው ነበር፤ መኪናው ለምን እንደቆመ። እሱም የሚያውቀውን እየነገራት፣ የማያውቀውን መካኒኮችን እየጠየቀላት ብዙ ነገር አወቁ። በኋላ ሥራውን ስታገኝ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች የሞከሩት አብረው ነው።

ከዚያ የድርቁ ዘመን መጣ። ግቢያችን በመኪና ተጨናነቀ። እህሉ ከወደብ ይመጣል፣ እኛ ወደ ላይ እናወጣለን። በዚያው ሰሞን አዲስ የቅርንጫፍ ኃላፊ ተሾመልን፣ ጓድ መኩሪያ የሚባል። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም። ቢሮው ውስጥ የሚያድር፣ ከሠራተኛው ጋር ጆንያ የሚሸከም ሰው ነበር። ችግሩ ከዚያ በፊት በነበረበት መጋዘን ናፍጣ እየሰረቁ በነጭ ጋዝ የሚሞሉ ሌቦች ይዞ ስለነበር፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ አንድ ላይ ሲያይ ሌብነት ብቻ ነው የሚታየው።

የነዳጅ ቤቱን ሊጎበኝ የገባ ቀን እኔ እየቀዳሁ ነበር። ኖራውን አየ፣ መዝገቡን ገለጠ።

«ጓድ ሉባባ፣ መጀመሪያ የገባው በርሜል ቆሞ ኋላ የገባው ለምን ይወጣል?»

«የቆመው የቆላ ነው ጓድ። ቆላ የሚሄድ መኪና እየጠበቀ ነው።»

«ናፍጣም መደብ አለው እንዴ?» አለና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«የሚመድበው ብርዱ ነው» አለች እሷ። ጠርሙሶቹን አወረደችለት። አንድ በአንድ አስረዳችው፣ የትኛው ላይ ጣቢያ ጠርቶ እንዳደረ፣ የትኛው እንደረጋ። ሲሰማት ቆየ። ሐይቅ ላይ ግን ሁሉም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ቢጫ ነው። እሱ የሚያየው ያንን ነበር።

«ነጭ ጋዝስ? ሕዝቡ ለመብራት አጥቶ በኩፖን የሚታደለው ነጭ ጋዝ እዚህ ከናፍጣ ጋር ይደባለቃል?»

«እህሉ እንዲደርስ ነው።»

«ይህ በሌላ ቦታ ቢሆን የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚባለው። እኔ ለጊዜው ስህተት ብዬ እይዘዋለሁ። ከነገ ጀምሮ በርሜል የሚወጣው በገባበት ተራ ነው። ምንም ነገር አይቀላቀልም። ይህ ጠርሙስም ከዚህ ይውጣ።»

ጠርሙሶቹን ዘበኛው በጆንያ ጠራርጎ ከአጥሩ ወዲያ ደፋቸው። ሲሰባበሩ ሰማናቸው። እትዬ ሉባባ በሩ ላይ ቆማ አየች፣ ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ወለሉን መጥረግ ጀመረች።

በሳምንቱ አራት መኪና ወደ ላይ ታዘዘ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ውርጩ የሚብስበት ጊዜ። ተራው የደረሰው በርሜል «ቆ» ተጽፎበት፣ ላዩ ላይ መስመር የተጨመረበት ነበር። ጓድ መኩሪያ አብሮን ሊወጣ ስለነበር እዚያው ቆሞ ያያል። እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችው። «ጓድ፣ ይሄኛው ይረጋል» አለችው። «ቅጂ» አላት። ቀዳች። አራቱንም መኪና አዳረሰች፤ በርሜሉ ውስጥ ጥቂት ተረፈ።

እሱ ወደ ቢሮው ሲመለስ አራታችንንም ሾፌሮች ከመኪናዎቹ ጀርባ ጠራችን። እጇ በናፍጣ እንደራሰ ነው።

«ጠዋት ይቆሙባችኋል። ሲቆሙ እሳት እንዳታነዱ። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ፣ ፊልትሮውን በሙቅ ውሃ አጥቡ፣ ሌላ መላ የለም። ማሉልኝ።»

«ኧረ ግድ የለም እትዬ፣ አናነድም» አልናት።

«ግድ የለም አላልኩም፤ ማሉ ነው ያልኩት። አንተ አየለ፣ በማርያም በል» አለችኝ። ወደ ሌላኛው ሾፌር ዞራ፣ «አሊ፣ አንተ ወላሂ በል።»

ማልን። አራታችንም በየእምነታችን ማልን። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ቤቱ ገባች።

ውጫሌን በእኩለ ቀን አለፍን። ዳገቱ ላይ ጎርፍ የበላው መንገድ ብዙ አስቆመን። ደጋው ጫፍ ላይ ስንደርስ ስለመሸ እዚያው ሜዳው ላይ አደርን፤ ላይ ጣቢያ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀራል። ለሕዝቡ እህል ጠዋት ይደርሳል ተብሎ ተነግሮታል።

ሲነጋ ሜዳው ነጭ ነው። ሣሩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሣ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ትንፋሽ አጠረውና ጠፋ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሞከርኩ። አሊም እንደዚያው፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ፊልትሮውን ፈታሁት። ውስጡ ያለውን በጣቴ ዛቅ አድርጌ ለጓድ መኩሪያ አሳየሁት፤ የረጋ ሞራ ይመስላል። በጣቱ ነካው፣ አሸተተው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ያን ጊዜ እውነቱ ገብቶት ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ወዲያው ሰዓቱን አየ።

«ሰዎቹ እየጠበቁ ነው» አለ። «ጆንያ አለ፣ ናፍጣ አለ። ነክራችሁ ከሥሩ አንድዱ። ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«አናነድም» አልኩት።

«ለምን?»

«ምለናል።»

«ለማን ነው የማላችሁት?»

«ለእትዬ ሉባባ።»

«እህል እያለ ሰው በረኃብ ይሙት ነው የምትሉኝ? ይህ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ?»

እናውቃለን። በዚያ ዘመን «አሻጥር» ሰው የምታስበላ ቃል ናት። አሊ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ጓድ፣ እሳቱ ጋኑን ካገኘው መኪናውም እህሉም ነው የሚሄደው። የባሏን እጅ አይተውታል?» አለው። ጓድ መኩሪያ ካፖርቱን አጥብቆ ከመኪናው ጎን ቆመ።

ትንሽ ቆይቶ ከሜዳው ማዶ ሰዎች ብቅ አሉ። መኪናዎቹ ቆመው ከሩቅ አይተው ነው። ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት። ደርሰውን ጆንያዎቹን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ማንም እህሉን አልነካም። አሊ ሙቅ ውሃ እንደምንፈልግ ነገራቸው። አንዲት ሴት ተመለሰች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ መጣች፤ ሌሎች ሁለትም ተከተሏት። ለሚበላ ያላነደዱትን እንጨት ለእኛ ፊልትሮ አነደዱት። ውሃውን ፊልትሮው ላይ፣ ቧንቧው ላይ አፈሰስን። ፀሐይዋም ከፍ አለች። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የአሊ መኪና ተነሣ፣ ቀጥሎ የእኔ፣ ከዚያም የሌሎቹ።

ላይ ጣቢያ የደረስነው ስድስት ሰዓት ካለፈ ነው። ከማደያው አጥር ሥር ሰዎች ሁለት አስከሬን በጋቢ እየሸፈኑ ነበር። ሌሊቱን ከሩቅ መንደር ሲጓዙ አድረው ጎሕ ሲቀድ የደረሱ ናቸው አሉ። በሰዓቱ ደርሰን ቢሆን ይተርፉ ነበር ወይ? እስከ ዛሬ አላውቅም። እህሉን አውርደን ተመለስን።

ሐይቅ በገባን በማግሥቱ እትዬ ሉባባ ታሰረች። ከበላይ አካል ለምን ዘገያችሁ የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበርና መልስ ያስፈልጋል። «በናፍጣው ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ተጽፎ እንድንፈርም ቀረበልን። አንዱ ሾፌር ፈረመ፤ አምስት ልጆች ነበሩት፣ አልፈርድበትም። እኔና አሊ ሌላ ወረቀት ጠይቀን «ናፍጣው ረግቷል፤ እንደሚረጋ ሳይቀዳ በፊት ተነግሯል» ብለን ጻፍን። አራተኛው ታምሜአለሁ ብሎ ቀረ።

ቀበሌ እስር ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው እንድሪስን ያጎርሱት ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ በመስኮቱ አየኋት። ሁለቱንም ጊዜ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አይደለም። «ያን በርሜል ከፍተውት እንዳይሆን፤ ውሃ ይገባበታል። አሊን ንገረው» አለችኝ።

በስምንተኛው ቀን ከደሴ አንድ ሽማግሌ የነዳጅ ባለሙያ ተልኮ መጣ። ወረቀቶቹን አነበበ፣ በርሜሉን አየ፣ ከዚያ እስር ቤት ሄዶ አነጋገራት። እኔ ያን ዕለት አብሬው ነበርኩ።

«እንደሚረጋ እንዴት አወቅሽ?» አላት።

«ጠርሙስ ይስጡኝ። ከዚያ በርሜል በአንዱ ይቅዱ፣ ‹ደ› ከሚለው በአንዱ፣ አንዱን ደግሞ ከዚያው ከሚረጋው ቀድተው ነጭ ጋዝ ይጨምሩበት። ከአየለ ጋር ላይ ይላኩት። እኔን አይመኑ።»

ሽማግሌው፣ «አልልከውም፣ ራሴ ይዤው እወጣለሁ» አላት።

ወጣን። ሦስቱን ጠርሙስ በገዛ እጁ መስታወቴ ላይ አሰራቸው። ጎሕ ሲቀድ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወርዶ አየ። አንዱ ጥርት እንዳለ ነው። የተቀላቀለውም እንደዚያው። የመጨረሻው ግማሹ ድረስ ነጭ ሆኗል፤ ሲያዘነብለው እንኳ ቶሎ አይወርድም። ደብተሩን አውጥቶ እዚያው ብርዱ ላይ ቆሞ ጻፈ። «ትምህርት ቤት ገብታ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አልገባችም፣ መሠረተ ትምህርት ነው የተማረችው አልኩት።

ተፈታች። ሥራዋም ተመለሰላት። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፣ እሷም አልጠበቀችም። ጓድ መኩሪያ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲዛወር ግን ነዳጅ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እየቀዳችልኝ ነበር።

«ጓድ ሉባባ፣ ያ የምትቀላቅይው ስንት እጅ ነው ያልሽኝ?» አላት።

«አራት እጅ ናፍጣ፣ አንድ እጅ ነጭ ጋዝ። ሳይረጋ ነው ታዲያ ጓድ፣ በሙቀቱ።»

ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈው። «የምሄድበት ደጋ ነው» አለና ወጣ። እሷ «አላህ ያግዝዎት» አለችው።

ስለ ሁለቱ ሟቾች አልነገርናትም ነበር። እኔና አሊ ተስማምተን ነው የደበቅናት። ግን ግቢ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም፣ አንድ ጫኝ ነገራት። አንድ ጠዋት መኪናዬ ጋ መጣች።

«አየለ፣ ያን ቀን ሰው ሞቷል?»

«ሞቷል።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልትለኝ ነው፣ አትበለኝ» አለችኝ። ልላት ነበር። «መቼ ነው የምትወጣው?»

«ነገ።»

«እወጣለሁ።»

በማግሥቱ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ደጋውን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ስንት ዓመት ብርዱን በጠርሙስ ስትለካ የኖረች ሴት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ንፋሱን ፊቷ ላይ አስመታችው። ላይ ጣቢያ ስንደርስ ጠያይቀን፣ ራቅ ካለ መንደራቸው ድረስ ሄደን የአንደኛዋን ሟች ቤተሰብ አገኘን። የሌላው ቤተሰብ አገር ለቆ ሄዷል። ትንሽ የሣር ቤት ናት፤ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አጥር የሚሆን ቆንጥር ያስተካክላል። ክርስቲያን ናቸው። የሞተችው ልጁ ናት።

እትዬ ሉባባ ከፊቱ ቆመች። «አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥዎት አባቴ» አለችው። ከዚያ መግቢያ ሳታበጅ ነገረችው፣ «መኪናዎቹ የቆሙ ዕለት ናፍጣውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። እንደሚረጋ አውቄ ነበር። አለቃ ቅጂ አለኝ፣ ቀዳሁ።»

ሽማግሌው ቆንጥሩን አስቀመጠ። ረጅም ጊዜ አያት። እኔ ላብራራለት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«ማን ላከሽ?» አላት።

«ማንም።»

«እህሉ በጠዋት ቢደርስም እንጃላት። ደክማ ነበር።»

«እኔም እንጃ» አለች። «መምጣት ግን ነበረብኝ።»

ሽማግሌው በምርኩዙ ተነሣ። የቤቱን መዝጊያ ገፋ አደረገና ለሷ ቦታ ለቀቀላት።

«በይ ግቢ ልጄ፣ ደጅ ብርድ ነው» አላት።

ጫማዋን አውልቃ ገባች።